ትንሹ ታንክና እውነተኛው አቧራ

ጫማን ከጭቃ፣ ልብስን ከአቧራ መጠበቅ የሠለጠነ ሰው ልማድ ነው። ነገር ግን በዓለም ላይ ባሉ በብዙ ከተሞች፣ ቀን በየመሥሪያ ቤታቸው ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰውና ከረባት አስረው የዋሉ ሰዎች፣ ማታ እቤታቸው ሲገቡ አንድ አዲስ ዕቃ ገበታ ላይ አስቀምጠው ጭቃ ሲቀቡት፣ ዝገት ሲያስመስሉበትና አቧራ ሲነሰንሱበት ያመሻሉ። ይህ ዕቃ ከፕላስቲክ የተሠራ ትንሽ ታንክ ነው። ርዝመቱ አንድ ስንዝር ቢሆን ነው፤ ሥራው ግን ሳምንታት፣ አንዳንድ ጊዜም ወራት ይፈጃል።

ነገሩን ከሩቅ የሚያይ ሰው «ይህስ የልጅ ጨዋታ ነው» ብሎ ሊስቅ ይችላል። ቀረብ ብሎ ለተመለከተው ግን የሥዕል ጥበብ፣ የኬሚስትሪ ዕውቀትና የታሪክ ምርመራ በአንድ ገበታ ላይ የሚገናኙበት ሥራ ነው። ከዚህም ሁሉ በላይ አንድ ከባድ ጥያቄ አለበት፤ ይኸውም ዓይንን ደስ የሚያሰኘውን ትቶ በእርግጥ የሆነውን መናገር እንዴት ይቻላል? የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ ለታሪክ ጸሐፊም፣ ለሠዓሊም፣ በመዝገብ ቤት ተቀምጦ ቃለ ጉባኤ ለሚጽፍ ሰውም የሚቀርብ ጥያቄ ነው። በትንሹ ታንክ ላይ ግን በዓይን ይታያል፣ በጣትም ይዳሰሳል።

ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት፣ በተለይ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሥራው ከየት መጣ?

ታንክ ለመጀመሪያ ጊዜ በጦር ሜዳ የታየው መስከረም 15 ቀን 1916 በፈረንሳይ አገር በሶም ጦርነት ላይ ነው። የሠሩት እንግሊዞች ነበሩ። ምሥጢሩ እንዳይወጣ ብለው፣ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራው ዕቃ የውሃ ማጠራቀሚያ ጋን እንደ ሆነ አስወሩ። «ታንክ» ማለትም በቋንቋቸው ይኸው የውሃ ጋን ነው። የሐሰት ስሙ እውነተኛ ስም ሆኖ ቀረና ዛሬ በብዙ የዓለም ቋንቋዎች ይጠራበታል።

ትንሹ የፕላስቲክ ታንክ ግን በተለይ ለጃፓን አገር ባለዕዳ ነው። በሺዙኦካ ከተማ በ1946 የተቋቋመው የታሚያ ኩባንያ መጀመሪያ እንጨት ሰንጣቂና ነጋዴ ነበር። ቆየት ብሎ ከእንጨት የመርከብና የመኪና አምሳያ መሥራት ጀመረ። የፕላስቲክ አምሳያዎች ከውጭ አገር ገብተው የእንጨቱን ገበያ በወሰዱበት ጊዜ፣ ታሚያም በ1960 ያማቶ የተባለችውን የጦር መርከብ በፕላስቲክ አበጀ፤ ነገር ግን ሌላ ኩባንያ ተመሳሳዩን በረከሰ ዋጋ ስላወጣ ትርፍ አላገኘበትም። በ1961 የጀርመንን ፓንተር ታንክ ሠርቶ አወጣ። ገበያው የተቃናለት ያን ጊዜ ነው።

ከዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ዛሬ በዓለም ላይ የታንክ አምሳያ የሚሠራበት ዋናው መጠን 1/35 ነው፤ ማለት እውነተኛው ታንክ ከአምሳያው 35 ጊዜ ይበልጣል። ይህ ቊጥር የመጣው ከማንም ሊቅ ምርምር አይደለም። ያ የ1961ዱ ፓንተር በባትሪ የሚሄድ አሻንጉሊት ስለ ነበረ፣ ሞተሩና ባትሪዎቹ በሆዱ ውስጥ እንዲገቡ ሲባል ልኩ በዚያ መጠን ተወሰነ። ሌሎቹም ኩባንያዎች ተከተሉት። ባትሪው ከሆዱ ከወጣ ብዙ ዘመን ቢሆነውም ልኩ እንደ ሕግ ሆኖ ኖረ።

ከዚያ በኋላ የኩባንያው ሰው ሹንሳኩ ታሚያ አሜሪካ አገር ተሻግሮ፣ በዚያን ጊዜ በአበርዲን የጦር መሣሪያ መፈተኛ ሜዳ ይገኙ የነበሩትን ታንኮች እየዞረ ፎቶግራፍ አነሣ፤ ለካም። አሻንጉሊቱም ቀስ በቀስ እውነተኛ አምሳያ ሆነ። አምሳያው እያንዳንዱ ብሎን ሳይቀር ከእውነተኛው ጋር ሲመሳሰል፣ የቀረው የቀለሙ ነገር ነበር። ከሱቅ እንደ ወጣ አረንጓዴ ተቀብቶ የሚያብለጨልጭ ታንክ ጦርነት ያየ አይመስልም።

በ1970ዎቹ ዓመታት የቺካጎው ሼፐርድ ፔይን ከሞኖግራም ኩባንያ ሣጥን ጋር በሚታደሉ ትናንሽ ጽሑፎች፣ አንድ ታንክ ከሰዎችና ከመሬት ጋር ተሰናድቶ እንዴት ታሪክ ሊናገር እንደሚችል ለብዙ ወጣቶች አስተማረ። የቤልጅጉ ፍራንሷ ቨርሊንደን ደግሞ በጥቁር ቀለም ማጠብንና በደረቅ ብሩሽ መዳበስን በስፋት አሳወቀ። ከእነርሱም በኋላ እንደ ስፔናዊው ሚጌል ሂሜኔዝ ያሉ ሰዎች ዝገትንና አቧራን ብቻውን አንድ ራሱን የቻለ ትምህርት አደረጉት።

በስንዝር ላይ የሚሠራ ሒሳብ

ሥራውን ለመጀመር የሚፈልግ ሰው ከብሩሽ በፊት እርሳስና ወረቀት ቢይዝ ይሻለዋል። አምሳያውን ከዓይኑ 30 ሳንቲሜትር አርቆ ሲያይ፣ እውነተኛውን ታንክ ከ10 ሜትር ተኩል ላይ ቆሞ እንደሚያይ ይቈጠራል። በዚያ ርቀት ላይ ያለ ታንክ ምን ይመስላል? ትናንሹ ጭረት አይታይም፤ ቀለሙም ጥቂት ገርጣ ብሎ ይታያል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሰዎች የመሠረቱን ቀለም ከእውነተኛው ጥቂት አንጥተው ይቀባሉ። ከእውነተኛው ታንክ ቆርቆሮ ላይ የተወሰደውን ቀለም ሳይለውጡ በአምሳያው ላይ ቢቀቡት ጥቁር መስሎ ይታያልና።

ሒሳቡ ለጭረትም ያገለግላል። በአምሳያው ላይ ያለ የአንድ ሚሊሜትር ነጥብ በእውነተኛው ላይ ሦስት ሳንቲሜትር ተኩል የሚያህል የተላጠ ቦታ ማለት ነው። ግማሽ ሚሊሜትር የሆነ ጭቃ ሁለት ሳንቲሜትር ያህል ውፍረት አለው። ቁመቱ አንድ ሜትር ከሰባ አምስት የሆነ ወታደርም አምስት ሳንቲሜትር ብቻ ይሆናል። ይህን ያላሰበ ሰው ታንኩን በጭረት ብዛት የፈንጣጣ በሽተኛ ያስመስለዋል።

አንድ ታንክ እንምረጥ

ነገሩ እንዲገባን አንድ የታወቀ ታንክ እንውሰድ። የሶቪየቱ ቲ-34 በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እጅግ በብዛት ከተሠሩት ታንኮች አንዱ ነው። ሚካኤል ኮሽኪን የተባለው መሐንዲስ በካርኮቭ ከተማ ነደፈው። በ1940 ክረምት ማለቂያ ላይ ሁለቱን የመጀመሪያዎቹን ታንኮች እስከ ሞስኮ ድረስ በሰንሰለታቸው እያስነዳ ሲወስድ ብርድ መታው፤ በዚያው ዓመት በመስከረም ወር በሳንባ ምች ሞተ። የታንኩን ዝና ለማየት አልታደለም።

ከ1944 መጀመሪያ ጀምሮ መድፉ አድጎ 85 ሚሊሜትር ሆነ፤ ታንኩም ቲ-34-85 ተባለ። ክብደቱ 32 ቶን ያህል ሲሆን አምስት ሰዎች ይይዛል። ከነመድፉ ርዝመቱ ስምንት ሜትር ከጥቂት ስለ ሆነ፣ በ1/35 ሲለካ 23 ሳንቲሜትር ያህል ይወጣዋል።

እንግዲህ ይህ ታንክ በ1945 በሚያዝያ መጨረሻ በበርሊን ከተማ ውስጥ እንደ ነበረ አድርገን እንሥራው እንበል። ይህን ባልን ጊዜ ብዙ ነገር ተወሰነብን። በእነዚያ ቀኖች የሶቪየት ታንኮች፣ ከሰማይ የሚመጡት የወዳጅ አገር አውሮፕላኖች በስሕተት እንዳይመቷቸው፣ በማማቸው ዙሪያ ነጭ ቀለበት በጣራቸውም ላይ ነጭ ምልክት ይቀቡ ነበር። ነጩ ቀለበት ካለ ወሩ ታወቀ፤ ወሩ ከታወቀ የአየሩ ጠባይ ታወቀ፤ ቦታው ከታወቀም አቧራው ታወቀ። የበርሊን አቧራ የእርሻ መሬት አቧራ አይደለም፤ ከፈረሱ ቤቶች የወጣ የሸክላ ጡብና የግድግዳ ኖራ ነው። ስለዚህ በነጭ ቀለበቱ ላይ የበረዶ ዘመን ጭቃ የሚለጥፍ ሰው፣ በሰኔ ወር የተጻፈ ደብዳቤ ላይ የጥር ወር ማኅተም እንደሚመታ ጸሐፊ ነው።

ቀለም አቀባቡ

አምሳያው ከተገጣጠመ በኋላ በሳሙና ውሃ ይታጠባል፤ ከፋብሪካ የወጣ ቅባት ካለበት ቀለሙ አይዝለትምና። ከደረቀ በኋላ ስስ መያዣ ቀለም ይቀባል። በላዩም የመሠረቱ አረንጓዴ ይደረባል። የሶቪየት ፋብሪካዎች 4 ቢ.ኦ. በሚባል አረንጓዴ ይቀቡ ነበር፤ ነገር ግን ጦርነት ስለ ነበረ ከፋብሪካ ፋብሪካ፣ ከወር ወር ጥቂት ይለያይ ነበር። ስለዚህ «ትክክለኛው አረንጓዴ ይህ ብቻ ነው» እያሉ መከራከር ጊዜ ማጥፋት ነው።

የቀለም መርጫና ኮምፕሬሰር ያለው ሰው በእርሱ ይረጫል። የሌለው በጥሩ ለስላሳ ብሩሽ፣ ቀለሙን አቅጥኖ ሁለት ሦስት ጊዜ ቢደርብ መልካም ሥራ ይወጣዋል። ዋናው ምሥጢር አንዱ ሳይደርቅ ሌላውን አለመደረብ ነው። ከላይ ፀሐይ የሚመታውን ገጽ ጥቂት ነጣ፣ ከታች ጥላ ያለበትን ጥቂት ጠቆር ማድረግም ትንሹን ነገር ትልቅ ያስመስለዋል፤ የገበታችን መብራት ከሜዳ ፀሐይ ጋር ስለማይተካከል የጎደለውን ብርሃን ሠዓሊው በቀለም ይሞላዋል።

ከዚህ በኋላ ብልጭ የሚል ቫርኒሽ ይቀባና ቊጥሮቹና ምልክቶቹ ይለጠፋሉ። ቫርኒሹ ሁለት ጥቅም አለው፤ ምልክቶቹ በደንብ ይጣበቃሉ፤ ቀጥሎ የሚመጣውም እጥበት ሳይገታ ይፈስሳል።

እጥበትና ጭረት

«እጥበት» የሚባለው ማጽዳት ሳይሆን የዚያ ተቃራኒ ነው። ጥቁር ቡኒ የሆነ የሠዓሊ ዘይት ቀለም በአኳራጅ እጅግ ቀጥኖ፣ እንደ ቀጭን ሻይ እስኪሆን ድረስ ይበጠበጣል። በቀጭን ብሩሽ ጫፍ ወደ ብሎኖቹ ሥር፣ ወደ መገጣጠሚያዎቹና ወደ ማዕዘኖቹ ሲነካ፣ ፈሳሹ ራሱ እየተሳበ በስንጥቁ ውስጥ ይሮጣል። ይህም መብራት ክር ጋዙን፣ መምጠጫ ወረቀትም ቀለሙን እንደሚስበው ያለ ሕግ ነው። የተረፈው በጥጥ ይጠረጋል። ወዲያው እያንዳንዱ ብሎን ጥላ አገኘና ብቅ ይላል።

ከዚህ ላይ ተማሪዎች የኬሚስትሪ ትምህርታቸውን ያስታውሱ። የመሠረቱ ቀለም በውሃ የሚቀጥነው አክሪሊክ ከሆነ፣ ከደረቀ በኋላ አኳራጅ አይፈታውም። ስለዚህ በላዩ የዘይት ቀለም ቀብቶ፣ ካልጣመ ጠርጎ እንደገና መሥራት ይቻላል። የመሠረቱም ሆነ የላዩ ቀለም አንድ ዓይነት ማቅጠኛ የሚፈታቸው ከሆኑ ግን ሁለቱ ተደባልቀው ሥራው ሁሉ ይበላሻል። በመካከል የሚቀባው ቫርኒሽም እንደ አጥር ሆኖ ይጠብቃል።

የዝናብ ጅረት ለመሥራት ጥቂት የነጭ፣ የቡኒና የቢጫ ዘይት ቀለም ነጥቦች በግድግዳው ላይ ይጣሉና በአኳራጅ በራሰ ንጹሕ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች ይሳባሉ። ዝናብ ወደ ጎን አይፈስስም፤ ስለዚህ ብሩሹም ወደ ጎን አይሄድም።

ጭረት ደግሞ በትንሽ የስፖንጅ ቁራጭ ይሠራል። ስፖንጁ በጥቁር ቡኒ ቀለም ይነከርና አብዛኛው በወረቀት ላይ ተጠርጎ፣ የቀረው ለስለስ ተደርጎ ይነካል። ግን የት? ጥያቄው ይህ ነው። ቀለም የሚላጠው ሰው በሚነካውና በሚረግጠው ቦታ ነው። በቲ-34 ጎንና ማማ ላይ እግረኛ ወታደሮች የሚይዟቸው የብረት እጀታዎች ነበሩ፤ ወታደሮቹ በታንኩ ጀርባ ተቀምጠው ወደ ውጊያ ይገቡ ነበርና። እጀታዎቹ፣ የመግቢያው ክዳን ጠርዝ፣ ነጂው የሚወጣበት በር፣ የጭቃ መከላከያው ጫፍ፣ እነዚህ ይላጣሉ። ማንም እግሩን የማያሳርፍበት የማማው ጎን መካከል ላይ ጭረት የሚያበዛ ሰው ምክንያት የሌለው ነገር ጽፏል። የተነካኩትም ጠርዞች በመጨረሻ በተራ እርሳስ ሲታሹ እንደ ተወለወለ ብረት ያብረቀርቃሉ።

ዝገት ጊዜ ይፈልጋል

ብዙ ሠሪዎች የሚወዱት፣ ብዙውን ሥራም የሚያበላሸው ዝገት ነው። ብርቱካንማው ቀለም ዓይን ስለሚስብ እጅን ያታልላል። ነገር ግን እናስላ። ቲ-34-85 መሠራት የጀመረው በ1944 መጀመሪያ ነው። የበርሊን ጦርነት ያለቀው በግንቦት 2 ቀን 1945 ነው። እንግዲህ በበርሊን ውስጥ የነበረው እጅግ የቆየ ቲ-34-85 እንኳ ዕድሜው ከአንድ ዓመት ተኩል አይደርስም ነበር፤ ብዙዎቹም ከፋብሪካ ከወጡ ገና ወራት ብቻ ነበሩ። ቀለም የተቀባ ወፍራም ብረት በዚህ ጊዜ ውስጥ ተበልቶ አይረግፍም። በጎኑ ላይ የዝገት ጎርፍ የሚወርድበት የበርሊን ታንክ ምንም ያህል ቢያምር ሐሰተኛ ምስክር ነው።

ዝገት የብረትና የኦክሲጅን ልጅ ነው፤ የሚወለደውም ውሃ ሲገኝ ነው። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ አይመጣም። ለዚህ ማስረጃ የሚሆን ነገር በ2000 በኤስቶንያ አገር ታየ። በጦርነቱ ጊዜ ጀርመኖች ማርከው የራሳቸውን መስቀል የቀቡበት አንድ ቲ-34 በ1944 ከሐይቅ ውስጥ ገብቶ ሰምጦ ነበር። ከ56 ዓመት በኋላ ከጭቃው ተጎትቶ ሲወጣ ዝገቱ እጅግ ጥቂት ሆኖ፣ መስቀሉም ሳይጠፋ ተገኘ። በሐይቁ ወለል ያለው ረግረግ አየር ስላላስገባ ብረቱ ተጠብቆ ኖረ።

ታዲያ በአምሳያው ላይ ዝገት የት ይግባ? አንደኛ፣ በማርሚታው ላይ ነው። የቲ-34 ሁለት የጭስ ማውጫ ቱቦዎች በኋላው ግድግዳ ላይ ናቸው፤ ሙቀት ቀለማቸውን ስለሚያቃጥለው ቶሎ ይዝጋሉ፤ በጥላሸትም ይጠቁራሉ። ሁለተኛ፣ በሰንሰለቱ ላይ ነው። ሰንሰለት ቀለም ስለሌለው አንድ ሌሊት በዝናብ ካደረ ቡኒ ይሆናል፤ በማግሥቱ ሲነዳ ግን መሬት የሚነካው ጫፉና ጎማዎቹ የሚሄዱበት ውስጡ ተወልውሎ እንደ ብር ያበራል። ሦስተኛ፣ የተቃጠለ ታንክ ከሆነ ነው። እሳት ቀለሙን ከበላው በኋላ የተራቈተው ብረት በጥቂት ቀኖች ውስጥ ብርቱካንማ ይሆናል። ስለዚህ በአምሳያ ዓለም ብዙ ዝገት ማለት ሁለት ነገር ነው፤ ወይ ረጅም ዘመን፣ ወይ እሳት። እሳት ከሆነ በውስጡ የነበሩትን አምስት ሰዎች ማሰብ ይገባል። ያን ጊዜ ዝገቱ ጌጥ መሆኑ ይቀርና የሐዘን ልብስ ይሆናል።

አቧራና ጭቃ

አቧራ ለመሥራት ውድ ዕቃ አያስፈልግም። የሠዓሊ ባለቀለም ጠመኔ በቢላ ተፍቆ ሲደቅ ደኅና አቧራ ይወጣዋል። በደረቅ ብሩሽ በታችኛው ክፍልና በጎማዎቹ ዙሪያ ይነሰነሳል፤ አንድ ጠብታ አኳራጅ ሲነካው ደርቆ ይያዛል። ከታች ብዙ፣ ወደ ላይ ሲወጣ እያነሰ መሄድ አለበት፤ ሰዎች በሚረግጡበት ቦታም ተጠርጎ ይታያል።

አንዳንዶች እውነተኛ አፈር ይጠቀማሉ። ይህም ይቻላል፤ ነገር ግን ሒሳቡን አንርሳ። የአንድ ሚሊሜትር አሸዋ በ1/35 ሲታይ ሦስት ሳንቲሜትር ተኩል የሆነ ጠጠር ነው። ስለዚህ አፈሩ በሙቀጫ ተወቅጦ በስስ ጨርቅ ተነፍቶ እንደ በርበሬ ዱቄት ካልደቀቀ አያገለግልም። ጭቃው ወፈር እንዲል ይህ ዱቄት ከጥቂት ጀሶና ከቀጭን ኮላ ጋር ይለወሳል። እርጥብ ጭቃ ጠቆር ያለና የሚያብረቀርቅ፣ የደረቀ ጭቃ ነጣ ያለና ብርሃን የሌለው ነው። በአንድ ታንክ ላይ ሁለቱም ሊገኙ ይችላሉ፤ የዛሬው ከታች፣ የትናንቱ ከላይ።

የክረምት ታንክ የሚሠራ ሰው ደግሞ ሌላ ብልሃት አለው። በበረዶ ወራት የሶቪየት ወታደሮች ታንካቸውን በሚታጠብ ነጭ ቀለም ይለቀልቁት ነበር። ይህን ለማስመሰል በአረንጓዴው ላይ ሴቶች ጠጉራቸው እንዳይበተን የሚረጩት ስፕሬይ ይረጫል፤ በላዩ ነጭ አክሪሊክ ይቀባል። ከዚያ በውሃ በራሰ ብሩሽ ሲታሽ፣ ስፕሬዩ በውሃ ስለሚፈታ ነጩ እየተላጠ አረንጓዴው ብቅ ይላል፤ ልክ እንደ እውነተኛው።

ሥራው ሲሠራ መስኮት ይከፈት፤ የአኳራጅ ሽታ ራስ ያሳምማልና። ጠመኔና አፈር ሲደቅቅም አፍና አፍንጫን በጨርቅ መሸፈን ያስፈልጋል።

ፎቶግራፍ ምስክር ነው፤ ግን ይመረመራል

ጥሩ ሠሪ ብሩሽ ከሚይዝበት ጊዜ የሚበልጠውን ፎቶግራፍ በማየት ያሳልፋል። ፎቶግራፉ የጭቃውን ከፍታ፣ የተላጠውን ቦታ፣ በጀርባው የታሰረውን ዕቃ ይነግረዋል። ነገር ግን የዚያን ጊዜ ፎቶግራፍ አብዛኛው ጥቁርና ነጭ ነው። በእንዲህ ዓይነት ሥዕል ላይ አረንጓዴና ቡኒ አንድ ሆነው ሊታዩ ይችላሉ፤ እንደ ፊልሙም ዓይነት ቀይ ቀለም ጥቁር ይመስላል። ስለዚህ ከፎቶግራፉ ላይ ብሩህና ጨለማ እንጂ ቀለም ማንበብ አይቻልም። በሙዚየም የቆመውም ታንክ ቢሆን ከጦርነቱ በኋላ ስንት ጊዜ ተቀብቶ ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ያሻል። አንድ ምስክር ብቻ ሰምቶ የሚፈርድ ዳኛ እንደማይመሰገን ሁሉ፣ አንድ ፎቶግራፍ ብቻ አይቶ የሚቀባ ሠሪም እንዲሁ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ

ታንክ ለኢትዮጵያ ሕዝብ በሩቅ የሚሰማ ነገር ሆኖ አያውቅም። ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ማለት በአውሮጳውያን አቆጣጠር ታኅሣሥ 15 ቀን 1935፣ በሽሬ በኩል ደምበጉና በተባለው መተላለፊያ ላይ የልዑል ራስ እምሩ ሠራዊት የኢጣልያን ታንኮች ገጠመ። ታንኮቹ ኤል-3 የሚባሉት ትናንሾች ነበሩ፤ ክብደታቸው ከሦስት ቶን ጥቂት ይበልጣል፤ ሁለት ሰው ብቻ ይይዛሉ፤ የሚዞር ማማ የላቸውም። መትረየሳቸው ወደ ፊት ተተክሎ ወደ ጎን ጥቂት ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። የኢትዮጵያ ወታደሮችም ይህን ተረዱ፤ ከጎንና ከኋላ እየቀረቡ ያዙአቸው። በዚያ ቀን በርካታ ታንኮች ተሰናክለው ቀሩ፤ በእግሩ የቆመው ሰው ከሞተሩ በለጠ።

ኤል-3ንም ብሮንኮ የተባለ የቻይና ኩባንያ በ1/35 ሠርቶ ለገበያ አውጥቶታል። ይህን አምሳያ በደምበጉና ላይ እንደ ነበረ አድርጎ ለመሥራት የሚነሣ ሰው እስካሁን ያልነውን ሁሉ ያገናዝብ። ወሩ ታኅሣሥ ነው፤ ስለዚህ ጭቃ ሳይሆን አቧራ ነው። ታንኩ አዲስ ነው፤ የመጀመሪያው ዓይነት እንኳ የወጣው በ1933 ነበርና። ስለዚህ ዝገቱ እምብዛም ነው። መሬቱ ድንጋያማ ስለ ሆነ የሰንሰለቱ ጫፍ ተወልውሎ ይታያል። የአቧራው ቀለምስ? በዚህ ላይ በሺዙኦካና በቺካጎ ካለው ሠሪ ይልቅ የሽሬን መንገድ በእግሩ የሄደ ሰው ዳኛ ነው። አንድ እፍኝ አፈር በወረቀት ጠቅልሎ ያመጣ ተማሪ፣ በውጭ አገር ገበያ የማይገኝ ቀለም ይዟል።

ግን አንድ ነገር ይጨመር። ያ ታንክ ብቻውን ቆሞ ቢታይ የወራሪውን ብረት ማሳየት ብቻ ነው። ታሪኩ የሚሞላው ከኋላው የሚመጡት፣ አምስት አምስት ሳንቲሜትር የሆኑት ሰዎች ሲቆሙ ነው። ሼፐርድ ፔይን ለተማሪዎቹ ያስተማረውም ይህንኑ ነበር፤ ዕቃው ሳይሆን ሰውዬው ታሪኩን ይናገራል።

ወጪውና ትርፉ

ይህ ሥራ የባለጸጋ ብቻ መስሎ የሚታየው ሰው ይኖራል። በእርግጥ ሣጥኑና ልዩ ልዩ ቀለሞቹ ከውጭ አገር የሚመጡ ስለ ሆኑ ዋጋቸው ቀላል አይደለም። ቢሆንም ከላይ እንዳየነው ጠመኔ፣ እርሳስ፣ ስፖንጅ፣ ጥጥ፣ አኳራጅና የብርጭቆ ወረቀት በየሰፈሩ ይገኛሉ። አምስት ቱቦ የዘይት ቀለም፣ ማለት ነጭ፣ ጥቁር፣ ሁለት ዓይነት ቡኒና ቢጫ፣ ለብዙ ዓመት ይበቃሉ። ልምምዱንም በውድ አምሳያ ላይ መጀመር አያስፈልግም፤ አንድ የተጣለ የፕላስቲክ መኪና አሻንጉሊት ለእጥበቱም ለአቧራውም ጥሩ ትምህርት ቤት ነው። ሁለት ሦስት ጓደኞች ቀለሙን በኅብረት ቢገዙ ደግሞ ወጪው ለአንዱ አይከብድም።

ጊዜውም ቢሆን እንደሚፈራው አይደለም። አንዱ ቀለም እስኪደርቅ መጠበቅ ግዴታ ስለ ሆነ፣ በአንድ ምሽት ከአንድ ሰዓት በላይ መሥራት አይገባም። መቸኮል ሥራውን ያበላሻል።

ትርፉ ግን በመደርደሪያው ላይ የሚቆመው ታንክ ብቻ አይደለም። ይህን ሥራ የለመደ ሰው መንገድ ሲሄድ ማየት ይጀምራል። የቆርቆሮ ጣራ ዝገት ከምስማሩ ሥር ተነሥቶ ወደ ታች እንደሚወርድ፣ የአውቶቡስ ቀለም ሰው በሚይዘው በር ላይ እንደሚላጥ፣ የክረምት ጭቃ በጭነት መኪና ጎማ ላይ በየደረጃው እንደሚደርቅ ያስተውላል። ድሮ «ቆሻሻ» ብሎ የሚያልፈው ነገር ሁሉ ምክንያት ያለው ምልክት ሆኖ ይነበብለታል። እያንዳንዱ እድፍ ከአንድ ቦታ የመጣ፣ በአንድ ሰው እጅ ወይም በአንድ ቀን ዝናብ የተጻፈ ነው።

ምክንያቱን ሳያውቁ እድፍ የሚያበዙ ሰዎች ታንኩን ያቆሽሹታል እንጂ አያስረጁትም። ምክንያቱን አውቆ አንድ ጭረት በቦታዋ የሚያኖር ግን፣ በስንዝር ልክ ባለች ነገር ላይ እውነት ጽፏል።